እግሩን ብቻ ስጠኝ

አርቦሬ ውስጥ ልብስ ሰፊ ማሽኑን ፈታ ማለት ስብሰባ ጠራ ማለት ነው። ደብዳቤ አይጻፍም፣ ጡሩንባ አይነፋም፤ ካቻቪቴው ከመሳቢያ ሲወጣ ከታየ ይበቃል። ከወይጦ ወደ ቱርሚ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ ከሱቅ በረንዳ በተዘረጋች የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ መጀመሪያ ሁለት ልጆች ይቆማሉ። ቀጥሎ ሞተር ሳይክሉን ሳያጠፋ የሚያወራ ወጣት ይደርሳል። ራዲያተሩ እስኪበርድለት የሚጠብቅ የአይሱዙ ረዳት ይጨመራል። እንግዶቹ ፎቶ አንስተው እስኪጨርሱ ሥራ የፈታ አስጎብኚ ይከተላል። ከሁሉም ዘግይቶ የሚመጣው አስተማሪው ነው፤ ዘግይቶ ይምጣ እንጂ መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው።

በዚያ ሙቀት ሰው ለሌላ ጉዳይ ከጥላው አይነሳም። ከጨው ባሕር በኩል የሚነፍሰው ነፋስ እንኳ አቧራ ለማድረስ እንጂ ሰው ለማቀዝቀዝ የመጣ አይመስልም። ማሽን ሲፈታ ግን የተኛው ይነቃል፣ የተኳረፈው ይነጋገራል፣ በሕይወቱ ቁልፍ ተክሎ የማያውቀው ሁሉ መሐንዲስ ሆኖ ያድራል።

የሰሞኑ ስብሰባ አጀንዳ ባለጎማ እግር ነበር። ለማታውቁት፦ የስፌት ማሽን እግር የምንለው መርፌዋ አጠገብ ወርዶ ጨርቁን ከላይ ተጭኖ የሚይዘው ብረት ነው። የተለመደው ጠፍጣፋና ባለ ሁለት ጣት ነው። ባለጎማው ግን በጠፍጣፋው ፈንታ ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም የማትበልጥ ተሽከርካሪ ብረት አለው፤ ያቺ ትንሽ ጎማ ከመርፌዋ በስተግራ ቁጭ ብላ፣ ሥራው በሄደ ቁጥር አብራ ትዞራለች። ጫማ ሰፊዎችና ቦርሳ ሰፊዎች የሚወዷት ናት። አርቦሬ የደረሰችው በጋዜጣ ተጠቅልላ፣ በሰው ሻንጣ ውስጥ፣ ያለ ብሎን ነው።

የምትገጠምበት ማሽን አሮጌ ሲንጀር ነው። የቤት አይደለም፤ የሥራ ቤት ማሽን ነው። አንገቱ ወፍራም፣ ጥቁር ቀለሙ ክንድ በሚያርፍበት በኩል ተገፍፎ ብረቱ ያገጠጠ፣ በወርቅ ቀለም ከተጻፈው ስሙ ስድስት ፊደላት መካከል ሁለቱ ብቻ የቀሩለት። ዱሮ በሞተር ይነዳ እንደነበር ያስታውቃል፤ እዚህ ግን በመብራት ላይ ሙሉ እምነት ስለሌለ ከሌላ ማሽን በተፈታ ፔዳልና በጠፍር ተገጣጥሟል። የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ ጆንያ ይጠግናል፣ የሸራ ቀዳዳ ይደፍናል። መሥራቱ ላይ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ የተወለደበት ዘመን ላይ ነው።

ባለቤቱ «የጣሊያን ጊዜ ነው» ይላሉ። ጣሊያን ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ነው፤ በአገሪቱ «ጣሊያን ጥሎት የሄደ» የሚባለው ዕቃ ሁሉ ቢደመር ግን ያ ሠራዊት ከጠመንጃ ይልቅ የሥጋ መፍጫና የስፌት ማሽን ተሸክሞ የዘመተ ነው የሚያስብለው። አስተማሪው «የጃንሆይ ዘመን» አለ። የአይሱዙው ረዳት ደግሞ «ቻይና ነው፤ ተቀብቶ ነው» ብሎ ፈረደ። ረዳት ለማንኛውም ዕቃ ይህንኑ ነው የሚፈርደው።

የሚገርመው መልሱ እዚያው ማሽኑ ላይ ተመትቶ መቀመጡ ነው። ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ ሲንጀሮች ቁጥራቸው በፊደል ይጀምራል፤ ፊደሉና ቁጥሩ አንድ ላይ ሲነበቡ በየትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ይናገራሉ። ቁጥሩ ላይ የተጋገረውን ዘይትና አቧራ በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃ ነበር። ማንም አልጠረገውም። ቢጠረግ ወሬው ያልቅ ነበራ!

ለነገሩ የዚህ ማሽን ዘር ማንዘር በወሬ አያፍርም። ስሙን ያወረሰው አሜሪካዊ አይዛክ ሲንገር የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሱ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ኤልያስ ሃው የሚባል ሌላ አሜሪካዊ አስመዝግቦ ስለነበር ሁለቱ በፍርድ ቤት ሲነታረኩ ከርመዋል። ማሽኑን በየሰው ቤት ያስገባው ግን ከብልሃቱ ይልቅ ዱቤው ነው። የሲንገር ሸሪክ የነበረው ጠበቃ ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 እ.ኤ.አ. ገደማ ማሽኑን ጥቂት ብር አስይዞ ወስዶ ቀሪውን በየወሩ መክፈል የሚቻልበትን መንገድ አመጣ። ከዚያ በኋላ የማያስፈልገውም ገዛ። ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ በተባለች ከተማ የቆመው ግዙፉ የሲንገር ፋብሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ወሬው ለማሽኖቹ የደረሳቸው አይመስልም፤ ዛሬም ይሰፋሉ።

ታዲያ ዩኒፎርም ሲሰፋ የኖረ ማሽን የቆዳ እግር ለምን አማረው? ምክንያቱ እንግዶቹ ናቸው።

የአርቦሬ ሴቶች የፍየል ቆዳ ፍቀው፣ አለስልሰው፣ በጨሌና በዛጎል ሲያስጌጡ የኖሩ ናቸው። ወስፌያቸው ማሽን ጠይቆ አያውቅም። የአርቦሬ ሰው ከቦረናውም ከኮንሶውም ከሐመሩም ጋር ሲገበያይ የኖረ ስለሆነ ገዢ ምን እንደሚወድ ለማወቅ አማካሪ አያስፈልገውም። ቱሪስት የቆዳውን ቀሚስ ያደንቃል እንጂ አይገዛም፤ ይከብዳል፣ ጭስና ቅቤ ይሸታል፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የሚፈልገው ያንኑ ቆዳ ትንሽ ቦርሳ ሆኖ፣ ዚፕ ተደርጎለት፣ ስልክ የምትገባበት ኪስ ወጥቶለት ነው። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ደግሞ «ባህላዊ» እንዲሆን ይፈልጋል። አስጎብኚው ይህን ለልብስ ሰፊው ነገራቸው፤ ልብስ ሰፊውም የፍየል ቆዳ ዘረጉና በለመዱት እግር ሊሰፉ ተቀመጡ።

ቆዳ ጨርቅ አይደለም። ጠፍጣፋው እግር ሥር ሲገባ ይጣበቃል፤ ከታች ጨርቅ የሚገፋው የማሽኑ ጥርስ «ሂድ» ይለዋል፣ ከላይ እግሩ «የት አባክ» ይለዋል። በመሐል መርፌዋ አንዱን ቦታ ደጋግማ ትወጋለች። ጨርቅ ላይ ስፌት ቢበላሽ ይፈታል፣ ቀዳዳውም በጥፍር ሲታሽ ይጠፋል፤ ቆዳ ግን ቂመኛ ነው፤ አንዴ የተወጋው እዚያው ይኖራል። ቀዳዳዎቹ ከተጠጋጉማ ቆዳው እንደ ፖስታ ቴምብር በመስመሩ ይቀደዳል። የመጀመሪያዋ ቦርሳ የተቀደደችው እንዲያ ሆና ነው። ያኔ ነው የአይሱዙው ረዳት፣ አዲስ አበባ አንድ ጫማ ቤት ባለጎማ እግር ማየቱን ያነሳው። እውነቱን ነው፤ አይቷል። ያየው ግን እግሩን ብቻ ነው።

የልብስ ሰፊው የእህት ልጅ ለራሱ ጉዳይ አዲስ አበባ ይወርድ ነበርና አደራ ተሰጠው። ከጂንካ አዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአርቦሬም ቢሆን ቅርብ አይደለም። ልጁ መርካቶ ደርሶ፣ ምናለሽ ተራን ዞሮ፣ ጠይቆ አጠያይቆ የስፌት ማሽን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አገኘ። የተባባሉትን ራሱ ሲያወራው እንደ ገድል ነው፤ የገድሉ ጀግናም ራሱ ነው።

«ለምን ዓይነት ማሽን ነው?» አለው ሻጩ።

«ለሲንጀር።»

«ሲንጀር ስንት ዓይነት አለ መሰለህ!»

«ጥቁሩ።»

ሻጩ ሰው ሆኖ ተገኘ እንጂ እዚያው ላይ ሊያባርረው ይችል ነበር። የቤት ነው የሥራ ቤት? ዘንጉ ረጅም ነው አጭር? ብሎ ጠየቀው። የእግር ማሰሪያው ዘንግ ቁመት ከማሽን ማሽን ይለያያል፤ ለቤት ማሽን የተሠራ እግር የሥራ ቤት ማሽን ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ልጁ የማሽኑን ፎቶ በስልኩ ይዞ ስለነበር ይህች አለፈች። ከዚያ ሻጩ ሦስት ዕቃ ባንኮኒ ላይ ደረደረ፤ ባለጎማውን እግር፣ ጠባብ ጥርሱንና መርፌዋ ዘልቃ የምትገባበትን ላሜራ።

«ሦስቱ አብረው ነው የሚሠሩት፤ አብሬ ነው የምሸጠው» አለ።

«እግሩን ብቻ ስጠኝ ወንድሜ። ጥርስ አለን።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ልጁ ሲደግማት ኩራት አለባት። ገበያ ላይ ያተረፈ ሰው ኩራት። ሻጩ ተከራክሯል፤ ቀንሼልሃለሁ ብሏል፤ በመጨረሻ ትከሻውን ነቅንቆ እግሩን ብቻ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጥቶታል። ልጁ ያስተረፈውን ገንዘብ ይዞ ለራሱ የጆሮ ማዳመጫ ገዛ። አጎቱም የተረፈውን አልጠየቁም፤ እግሩን በብርሃን አገላብጠው፣ ጎማዋን በጣታቸው አሽከርክረው «አቤት የፈረንጅ ሥራ!» ማለት ነበር የቀደማቸው።

በልጁ ብቻ አልፈርድም። የሚታየውን መግዛት የሁላችን ጠባይ ነው። ሶላሩ ጣራ ላይ ሲያብረቀርቅ ጎረቤት ያያል፤ ባትሪው «በኋላ ይደረሳል»። ለመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይገዛል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ቀለሙ ካለቀ ወራት ያለፈው ፕሪንተር ጉዳይ በጀት እስኪለቀቅ ይጠብቃል። የውሃ ፓምፕ ይተከላል፤ የአንዲት ጎሚኒ ዋጋ ግን የማን እንደሆነ ተፈልጎ ይታጣል። ያው ጠባይ ነው፤ አርቦሬ ላይ መጠኑ ሳንቲም አክሎ መታየቱ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ወደ ስብሰባው እንመለስ። የመጀመሪያው ችግር ብሎን ሆነ። ያሮጌው እግር ብሎን ጭንቅላቱ ተበልቶ በፒንሳ ተነቅሏል፤ አዲሱ ያለ ብሎን መጥቷል። ባለሞተሩ ወጣት ከመቀመጫው ሥር አንድ ቆሻሻ ጨርቅ አወጣ፤ ውስጡ ብሎን በብሎን ነው። መጠኑ የሚመስለውን መረጠ። ሁለት ዙር ገባ። «ገባ!» ተብሎ ተጨበጨበለት። ሦስተኛው ዙር ላይ ተቀረቀረ። እዚህ ላይ ማወቅ የሚገባው አንድ ነገር ነበር፤ ሲንጀር ብሎኖቹን በራሱ ልክ ያወጣ ኩባንያ ነው፤ ከሞተር ሳይክልና ከገበያ ብሎን ጋር ቤተኛ አይደሉም። ተመሳስሎ የገባ ብሎን በጉልበት ከተገፋ የሚበላው የራሱን ጥርስ ብቻ ሳይሆን የማሽኑን የብሎን ቀዳዳም ነው። ያኔ ነገሩ ቶርኖ ቤት የሚያስኬድ ይሆናል፤ ቶርኖ ቤት ደግሞ ከአርቦሬ በቅርብ አይገኝም። ረዳቱ ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ቁልፍ ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ነበር። ልብስ ሰፊው «ተው! እንጀራዬ ነው!» ብለው ማሽኑን በሁለት እጃቸው አቀፉት። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ ይህች ብቻ ናት ቁም ነገር።

በስተኋላ አሮጌው ብሎን በመጋዝ ጭንቅላቱ ላይ አዲስ መስመር ወጥቶለት ተመለሰ። እግሩ ታሰረ። ሁሉም ጎማዋን ባንድ ባንድ ጣት ነካት። ልብስ ሰፊው የቆዳ ቁራጭ ከሥሯ አስገብተው ፔዳሉን ረገጡ።

ቀጭ።

መርፌ ተሰበረ። ሌላ ተተከለ፤ ያም ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ምርመራ ነው። አስተማሪው ነገሩ «ፍሪክሽን» መሆኑን በመሬት ላይ በእንጨት ሥሎ አስረዳ። ረዳቱ «መርፌው ቻይና ነው» አለ፤ አልኳችሁ። ባለሞተሩ ወጣት ጎማዋ ዘይት እንደጠማት ወሰነና ከሻይ ቤት የምግብ ዘይት በብርጭቆ ቂጥ አስመጣ። (የምግብ ዘይት ማሽን ላይ ሰንብቶ ሙጫ ይሆናል፤ የሚለጠፈውን ዘይት ለማስለቀቅ ደግሞ ላምባ ሲፈለግ ይኖራል። እባካችሁ!) አስጎብኚው «ዩቲዩብ ላይ አለ፤ አሳያችኋለሁ» ብሎ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ኔትወርኩ አልያዘም። በዚያ ሰዓት በደንብ ሲሽከረከር የታየው ስልኩ ላይ ያለችው ክብ ምልክት ብቻ ናት። አንዲት ሱቅ ያለቻቸው እናት ደግሞ ከሩቅ ሆነው «ዓይን ነው፤ ይሄ ሁሉ ሰው ከቦት!» አሉ። ከቀረቡት መላ ምቶች ሁሉ ለእውነት የቀረበው የሳቸው ይመስለኛል።

ጥቁር ጨርቅ ራሷ ላይ ጣል ያደረገች፣ አንገቷ በጨሌ የተሞላ አንዲት የአርቦሬ ሴት ቆማ ታይ ነበር። የተቀደደችውን ቦርሳ አነሳች፣ ስፌቱን በጥፍሯ ጎተት አደረገች፣ ለልጇ አንድ ነገር ብላ ሳቀች። ልጁ በአማርኛ ነገረን፦ «በወስፌ ብሠራው እስካሁን አልቆ ነበር ነው የምትለው።» ማንም አልመለሰላትም። አስተማሪው ሥዕሉን ቀጠለ።

አንድ ሰው ግን ከጥላው ዳር፣ የመሣሪያ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ወይጦ የሚወስደው መኪና ይጠብቅ ነበር። ጫማ ጠጋኝ ነው። ቀዬውን አልጠየቅነውም፤ እሱም አልነገረንም። ሦስተኛው መርፌ ሲሰበር አንገቱን አስግጎ «ጥርሱስ?» አለ።

«ጥርስ አለን አባቴ» አለ የእህት ልጅ፤ ያው የለመደውን።

ሰዉ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ ልንገራችሁ፤ ጫማ ጠጋኝ ስለሆነ ነው። አስተማሪ ስለ ማሽን ሲናገር ይደመጣል፣ አሽከርካሪ ሲናገር ይደመጣል፣ አስጎብኚ የፈረንጅ ጓደኛ ስለሆነ ይደመጣል፤ ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ የሰፋ ሰው ስለ ቆዳ ስፌት ሲናገር ግን ይሳቅበታል። ይህ የቆየ በሽታችን ነው። ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያልን ከማዕዳችን ስናርቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ በጎረቤት በኮንሶም ባለ እጆች ከአራሹ ተለይተው የሚታዩ ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል፤ መንገዱ ረጅም ነውና አርቦሬ በረንዳ ላይ ገና አልደረሰ ይሆናል። እንኳን አርቦሬ፣ አዲስ አበባም በሰዓቱ አልደረሰ።

ልብስ ሰፊው ግን አልሳቁም። መርፌ የሚገዙት በገንዘባቸው ነውና «እስቲ ና እየው» አሉት።

ሰውየው ፔዳሉን አልነካም። መጀመሪያ ያደረገው መዘውሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ማዞር ነው። ከስብሰባው መካከል ይህን ያደረገ አንድም አልነበረም፤ ሁሉም የረገጠው በሙሉ ጉልበት ነው። መርፌዋ ስትወርድ ጎማዋን በጎን ስትገጫት ታየች። ብሎኑን ላላ አድርጎ እግሩን ወደ ግራ ገፋ አደረገውና በጎማዋና በመርፌዋ መካከል የሲጋራ ፓኮ ወረቀት አስገባ፤ ወረቀቱ ሳይያዝ ሲያልፍ ብሎኑን አጠበቀ። እንደገና በእጁ አዞረ፤ መርፌዋ ነጻ ወረደች። የመርፌ መስበሩ ጉዳይ በዚህች አለቀ። «ፍሪክሽን» አልነበረም፤ ቻይናም አልነበረችም።

ከዚያ መርፌዋን ነቅሎ ጫፏን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። የጨርቅ መርፌ ናት፤ ጫፏ ክብ ነው፤ የጨርቁን ክሮች ገለል አድርጋ ታልፋለች። ቆዳ ላይ ገለል የሚል ክር የለም፤ የቆዳ መርፌ ጫፏ ስለት አለው፣ ቆርጣ ነው የምታልፈው። ከሳጥኑ አንዲት አውጥቶ አስተያየ። ለዚህ ማሽን ቁመቷ አይሆንም ነበርና መልሶ ከተታት፤ «16 ወይም 18 ቁጥር፣ የቆዳ፣ ለዚሁ ማሽን የሚሆን በሉ» ብቻ አለ።

ሦስተኛ ላሜራውን ፈታ። ሁለት ብሎን ናት። ከሥሩ የወጣው የክር ቁራጭና አቧራ ትራስ ይሞላል ቢባል ግነት ነው፤ ብዙም ግን አይደለም። ጥርሱ ታየ። የልብስ ማሽን ጥርስ ከመርፌዋ ግራና ቀኝ በመስመር ተሰልፎ ጨርቁን የሚገፋ ነው፤ ጠፍጣፋው እግር ሁለቱንም ወገን ስለሚጫንለት ጨርቁ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጎማዋ ግን ቀጭን ናት፤ የምትጫነው ከመርፌዋ በስተግራ ያለችውን አንዲት ቦታ ብቻ ነው። ከሥሯ በልኳ የተሠራ ጠባብ ጥርስ ከሌለ የጥርሱን ዳር ብቻ ትነካለች ወይም ባዶ ብረት ላይ ትንከባለላለች። የቀኙ ጥርስ የሚጫንለት አጥቶ ከሥር ይቧጭራል፤ ቆዳው ወደ ጎን ይዞራል፤ ሰፊው በእጁ ሊያቃናው ሲጎትት መርፌዋ ትጎብጣለች። የጨርቅ ላሜራ ክፍተትም ለጎማዋ ሰፊ ነው፤ ለስላሳ የፍየል ቆዳ እየተገፋ ወደዚያ ይሰምጣል። ሻጩ ሦስቱን አብሮ የደረደረው ለትርፍ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ሰውየው ይህን ሁሉ በአፉ አላብራራም፤ ቆዳውን ከጎማዋ ሥር አድርጎ መዘውሩን በእጁ ሲያዞር እኛው አየነው። ቆዳው ወደ ፊት ከመሄድ ወደ ቀኝ ዞረ። «ጥርሱና ላሜራው ሳይመጣ ይሄ እግር ጌጥ ነው» አለና እግሩን ፈትቶ በጋዜጣው መልሶ ጠቀለለው። ጋዜጣው ላይ ያለውን ወሬ ለማንበብ የሞከረ አስተማሪው ብቻ ነው።

አሮጌው ጠፍጣፋ እግር ተመለሰ። እግሩን ከላይ የሚጫነውን ብሎን ጥቂት አላላለት፤ ለጆንያ ተብሎ እስከ መጨረሻ ተጠብቆ ነበር። የስፌቱን እርምጃ አስረዘመው፤ ለቆዳ ሦስት ሚሊ ሜትር አለፍ ያለ ነው የሚሻለው። ከዚያ ከልጆቹ አንዱን ደብተር ጠይቆ አንድ ገጽ ቀደደና ቆዳው ላይ፣ ከእግሩ ሥር አነጠፈው። እግሩ ቆዳውን አልነካም፤ ወረቀቱ ላይ ተንሸራተተ። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ወረቀቱ በስፌቱ ተበሳስቶ ስለነበር ሲጎተት ተገነጠለ፤ ጥቂት የማካፈል ሒሳብ በክሩ ሥር ቀረ። አስተማሪው ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ መልስ ስህተት ነው» አለ። የደብተሩ ባለቤት ያኔ ነው ከስብሰባው የጠፋው።

ሰውየው የጠየቀው ዋጋ የአንድ ሻይ ነው። አይሱዙው ራዲያተሩ በርዶለት ሲነሳ ሳጥኑን ከኋላ ጭኖ ሄደ። እሱ ገና ከዓይን ሳይርቅ ባለሞተሩ ወጣት «እኔም መጀመሪያ ጥርሱን ነበር የጠረጠርኩ» አለ። አስጎብኚውም ጠርጥሮ ኖሯል። ረዳቱ መኪናው ላይ ስለወጣ አልሰማነውም እንጂ እሱም ሳይጠረጥር አይቀርም።

አሁን የእህት ልጅ ጥርሱንና ላሜራውን ሊያመጣ እንደገና አደራ ተቀብሏል። ስጋቴ አንድ ነው፤ እሱ እስኪደርስ ድረስ ሌላ አገር ያለ ሌላ ብልህ ገዢ «ጥርሱን ብቻ ስጠኝ፤ እግር አለን» ብሎ ወስዶት እንዳይጠብቀው። የጆሮ ማዳመጫውን ያደረገው ልጅ ይህን ስነግረው የሰማኝ አልመሰለኝም።

እናንተ አንባቢዎች ሆይ፣ ለአሮጌ ማሽን ባለጎማ እግር ልትገዙ መርካቶ የምትወርዱ ካላችሁ፣ የማሽኑን ቁጥር ጠርጋችሁ ጻፉት፤ አሮጌውን እግር ከነብሎኑ፣ ጥርሱንና ላሜራውንም ፈትታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ሦስቱን ካልደረደረላችሁ ራሳችሁ አስደርድሩት። ለሦስቱ የሚበቃ ገንዘብ ካልያዛችሁ አንዱንም አትግዙ። ወረቀት ከደብተር ይገኛል፤ የልጁን የቤት ሥራ ግን አስቀድማችሁ እዩለት።